ሰይድና አምስቱ

አብሮ መሥራት ጥሩ ነገር ነው ሲባል ዝም ብዬ የምሰማ ሰው ነኝ። ልከራከር ብፈልግስ ማን ይሰማኛል? ደግሞም እውነት አለበት። ቀብር ወጥታችሁ ታውቃላችሁ። ቃሬዛው ከትከሻ ወደ ትከሻ ሲዘዋወር፣ አንዱ ሲደክመው ሌላው ሳይጠራ ገብቶ ሲሸከም፣ ማን ብዙ ተሸከመ ማን ጥቂት ብሎ የሚጠይቅ የለም። ድንኳን መትከሉም እንደዚያው ነው፤ አጨዳውም እንደዚያው። በእኛ በወሎ ደቦ ወጥቶ «እገሌ ማጭዱን ይዞ ቆሞ ነበር የዋለው» ብሎ ለባለ እርሻው የሚያሳብቅ ሰው ካለ፣ በሚቀጥለው ዓመት አዝመራውን ብቻውን ይሰበስባታል። ይህን ስናድግ ሳንማር ተምረነዋል። ያልተማርነው የትኛው ሥራ ለደቦ እንደሚሆንና የትኛው እንደማይሆን ነው።

ኮምፒውተር ለደቦ አይሆንም። ይህን የምለው ከመሬት ተነሥቼ አይደለም፤ ኮምቦልቻ ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ የኮምፒውተር ላብራቶሪ ቴክኒሻን ሆኜ ብዙ ዘመን ሠርቻለሁ። ደሴ አድራለሁ፣ ኮምቦልቻ እውላለሁ። ጠዋት ጉም ውስጥ ጃኬቴን ደርቤ ሚኒባስ እሳፈራለሁ፤ ቁልቁለቱን ጨርሰን ኮምቦልቻ ስንገባ ጃኬቱ ክንዴ ላይ ነው፤ ማታ ሽቅብ ስመለስ እንደገና እለብሰዋለሁ። ኑሮዬ ጃኬት ማውለቅና መልበስ፣ በመካከሉ ደግሞ ተማሪዎች በፍላሽ ያመጡትን ቫይረስ ማጽዳት ነበር ብትሉ አልቀየማችሁም። በዚያ ሁሉ ጊዜ ታዲያ አንድ ኪቦርድ ላይ ሁለት ሰው አብሮ ሲጽፍ አላየሁም። አንዱ ይጽፋል፣ ሌላው ያያል። ሦስተኛው ከኋላ ቆሞ ሳምቡሳ ይበላል። አራተኛው «ቆይ፣ መጣሁ» ብሎ ይወጣል።

በዚያ ዘመን ደግሞ ሁሉም ነገር አንድ ለአምስት ነበር። ታስታውሳላችሁ። ገበሬው አንድ ለአምስት፣ የቢሮው ሠራተኛ አንድ ለአምስት፣ ተማሪው አንድ ለአምስት። እኛ ቴክኒሻኖቹ እንኳ ለአምስት ስለማንበቃ አንድ ለሁለት ሆነን ሪፖርት እናቀርብ ነበር። ሐሳቡ ባልከፋ፤ ጎበዙ ደካማውን ይዞ ይውጣ ነው። በየሳምንቱ መሰብሰብ፣ መገማገም፣ ሂስና ግለ ሂስ ማድረግ ነበረ። ለፕሮግራሚንግ ትምህርት የፕሮጀክት ቡድን ይመደብ ሲባልም የትምህርት ክፍሉ ብዙ አልተጨነቀም፤ ያንኑ አንድ ለአምስት እንዳለ ወሰደው።

እንግዲህ ከቡድኖቹ አንዱ ውስጥ ሰይድ ይመር የሚባል ልጅ ነበር፤ አገሩ ደሴ ዙሪያ፣ ከቦሩ ሜዳ ወጣ ብሎ። በወጉ «አንዱ» የተባለው፣ የቡድኑ ተጠሪ፣ ጥላሁን ነበር። ጥላሁን ውጤቱም ንግግሩም ያማረ ልጅ ነው፤ ስብሰባ ላይ ሲነሣ ለሌላ ሰው የሚተርፍ ሐሳብ የለም። ሥራውን ያከፋፈለው እሱ ነው። እቅድና ሪፖርት ለራሱ ወሰደ። ሕይወት የምትባል ልጅ መግቢያውንና ምስጋናውን ትጽፋለች። አንዱ ያሳትማል፣ አንዱ ሲዲ ይገዛል፣ አንዱ በሚያቀርቡበት ቀን ለሁሉም ከረባት ያፈላልጋል። ፕሮግራሙን ሰይድ ይጽፈዋል። አያችሁ፣ ሥራው ለስድስት እኩል ተከፈለ።

የሰይድን ሥራ በዓይኔ አይቻለሁ። ላብራቶሪውን ስከፍት በር ላይ የማገኘው እሱን ነው። መብራት ሲጠፋ ሌላው ወደ ሻይ ቤት ይወርዳል፤ እሱ መስኮት ሥር ተቀምጦ ኮዱን በእስክሪብቶ ወረቀት ላይ መጻፉን ይቀጥላል፣ መብራት ሲመጣ ይገለብጠዋል። ፕሮግራሙ የጤና ጣቢያ ካርድ የሚፈልግ ነበር። አንድ ጊዜ እናቱን ይዞ አንድ ጤና ጣቢያ ሄዶ፣ ካርዷ ጠፍቶ፣ ሴትዮዋ አግዳሚ ላይ እያቃሰተች ዋለች። ይህን የነገረኝ ራሱ ነው፣ እንዲያው ስለ ሌላ ሰው የሚያወራ ይመስል ረጋ ብሎ። ሰይድ የሠራው ፕሮግራም ስሙ ተሳስቶ ቢጻፍ እንኳ ሰውየውን ያገኘዋል። የአገራችን ካርድ ክፍል ሙሐመድን በስንት ዓይነት እንደሚጽፈው ለምታውቁ፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እናቱ በኋላ ሞተች። የሞተችው በፈተና ሰሞን ነበርና ሰይድ ከፈተናው ቀረ፣ ውጤቱ አሽቆለቆለ፣ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው። ከእንግዲህ አንድ ኤፍ ቢያገኝ ይባረራል። ይህን ቡድኑም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፣ ግቢው በሙሉ ያውቃል።

አምስቱ መጥፎ ልጆች እንዳይመስሏችሁ። መጥፎ ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ይቀል ነበር። ሰይድን ይወዱታል። ከኋላው ቆመው «አንበሳው» ይሉታል፤ እራቱን ካልበላ ያመጡለታል፤ እናቱ የሞተች ጊዜ አምስቱም ሚኒባስ ተሳፍረው፣ ከዚያም በእግራቸው ጭቃውን አቋርጠው ለቅሶ ደርሰውታል። ፕሮግራሙን ብቻ ነው ያልጻፉለት።

ፕሮጀክቱ የሚቀርብበት ሐሙስ መጣ። መምህሩ ሚስተር ራጃን የሚባሉ ህንዳዊ ነበሩ፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሰዓት የሚያከብሩ ሰው። የልጆቹ እንግሊዝኛ ስለሚያስቸግራቸው እኔ ከጎናቸው ተቀምጬ አስተረጉማለሁ። ስድስቱ በከረባት ተሰልፈው ገቡ። ጥላሁን መግቢያውን አሳምሮ ተናገረ። ሰይድ ማሽኑን ነካ ነካ አደረገና ፕሮግራሙ ሠራ። ሚስተር ራጃን ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው ለረጅም ጊዜ አዩ። በዚያ ሰሞን ተማሪዎች የተሠራ ፕሮጀክት ከየኢንተርኔት ቤቱ እየገዙ ስለሚያቀርቡ፣ ጥሩ ነገር ባዩ ቁጥር ጥርጣሬያቸው ይብስባቸዋል።

«ይህን ማን ጻፈው?» አሉ።

«በጋራ ነው የሠራነው» አለ ጥላሁን።

«መልካም። በጋራ ከሆነ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።» ከዚያ ያንን ስሙ የተሳሳተውን ሰው የሚያገኘውን ቦታ በጣታቸው እየጠቆሙ፣ ይህ እንዴት ነው የሚሠራው ብለው ከጥላሁን ጀመሩ። ጥላሁን፣ ያ ንግግር የማያልቅበት ልጅ፣ ጉሮሮውን ጠራርጎ ዝም አለ። ሕይወት መሬት መሬት አየች። የተቀሩት ሦስቱም ተራ በተራ አላወቁም። ተራው ሰይድ ዘንድ ደረሰ።

እኔ እፎይ ልል ነው። አሁን ይናገራል፣ ቢያንስ እሱ ይተርፋል ብዬ። ሰይድ ስክሪኑን አየ፤ ዞር ብሎ አምስቱን አየ፤ ከዚያ አንገቱን ደፋና «እኔም አላውቀውም» አለ። ልተርጉም ወይስ አልተርጉም? ተረጎምኩ። የእንጀራዬ ነገር ነው።

ሚስተር ራጃን ብዕራቸውን አስቀመጡ። ማንም ሊያስረዳው የማይችል ፕሮግራም የተገዛ ፕሮግራም ነው፣ የተገዛ ፕሮግራም ደግሞ ኤፍ ነው አሉ። ይህንንም አስተረጎምኩ።

ልጆቹ ሲወጡ ሰይድን ተከትዬ ከግቢው በር አጠገብ ደረስኩበት።

«አንተ ልጅ፣ ምን ነካህ?» አልኩት።

«ምን ላድርግ ጋሼ? እነሱ ዝም ብለው እኔ ብናገር፣ አልሠሩም ማለቴ አይደል?»

«አልሠሩማ።»

«እሱማ አልሠሩም» አለና ፈገግ አለ። «ግን ፊታቸው ቆሜ፣ በእኔ አፍ?»

ተመልሼ ሚስተር ራጃን ቢሮ ገባሁ። ይህን ልጅ ሲጽፈው አይቻለሁ፣ በእስክሪብቶ ሲጽፈው አይቻለሁ ብዬ ተናገርኩ። ሰውየው ክፉ አልነበሩም። ጥቂት አሰቡና፣ ሰኞ ጠዋት ብቻውን ይምጣ፣ ያንኑ ጥያቄ ከመለሰ እሱን አሳልፈዋለሁ አሉ። «ለምን ግን ያኔውኑ አልተናገረም?» ብለው ጠየቁኝ። ይሉኝታን በእንግሊዝኛ ፈለግኩት፤ ጠፋኝ። ዓይን አፋር ነው አልኳቸው። ለዓይን አፋርነት ብሎ ትምህርቱን የሚጥል ሰው አይተው አያውቁም ይሆናል፣ ትክ ብለው አዩኝ።

ዓርብ ዕለት ጥላሁንን ያዝኩት። ነገሩ እኮ ለእናንተ ምንም አያስከፍልም አልኩት፤ ኤፉን እንደሆነ አንዴ አግኝታችሁታል፣ ኮርሱን ትደግማላችሁ እንጂ አትባረሩም፤ ገብታችሁ «ሰይድ ነው የሠራው፣ እኛ አልሠራንም» በሉ፣ ሰይድ ይድናል። ጥላሁን በጥሞና አዳመጠኝ። ቡድኑን እሰበስባለሁ አለ። እውነትም ሰበሰበ። ሰዓት ተይዞ፣ አጀንዳ ተቀርጾ፣ ሂስና ግለ ሂስ ተደርጎ፣ ችግሩ የክትትል ማነስ እንደሆነ ተገመገመ። በመጨረሻም «በጋራ ሠርተናል፣ በጋራ እንወድቃለን፣ ሰይድን ብቻውን አናስጠይቀውም» የሚል ውሳኔ አለፈ። አጨበጨቡ። ሰይድም አጨበጨበ። ይህን የነገረችኝ ሕይወት ናት፤ እሷም አጨብጭባለች።

የሰኞውን ቀጠሮ ለሰይድ ብነግረው ብቻዬን አልገባም አለኝ፤ ልጁ አልሰማ ካለ አባቱ ያሰሙት ብዬ ቅዳሜ ወደ ቦሩ ሜዳ ወጣሁ። ከሚኒባሱ ወርጄ በእግሬ ተጓዝኩ። ጋሽ ይመር ድንች እየቆፈሩ አገኘኋቸው። የደከሙ፣ ረጅም፣ ልጃቸው ኮምፒውተር እንደሚማር ለአገሩ ሁሉ የነገሩ ሰው ናቸው። መርሐባ ብለው ተቀበሉኝ፣ ቤት አስገቡኝ፣ የተቀቀለ ድንች ከሚጥሚጣ ጋር አቀረቡልኝ። ሰይድ አልመጣም፣ ጓደኞቼን አስጠናለሁ ብሎ እዚያው ቀርቷል አሉኝ። የመጣሁበትን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳቸው። ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«ሌሎቹ ልጆችስ?» አሉ።

«እነሱ ይደግሙታል እንጂ አይባረሩም፣ ጋሽ ይመር። እርስዎ አንድ ቃል ይበሉት። ሰኞ ብቻውን ይግባ።»

«እናቱ የሞተች ጊዜ እዚህ ድረስ መጥተው ነበር» አሉ። «ያቺ ልጅ፣ ሕይወት የምትባለዋ፣ ክርስቲያን ናት አይደል?»

«ናት።»

«ከምንጭ ውኃ ስትቀዳ ነበር የዋለችው። ማታ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ ስታለቅስ ነበር። እኔ ወላሂ፣ ልጄን ሂድና እነሱን አዋርደህ እለፍ ብዬ እንዴት አድርጌ እላለሁ? አትሂድ ብዬስ እንዴት እላለሁ? ዘንድሮ እናቱ ብትኖር እሷ ትነግረው ነበር።»

ተናደድኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። አንዲት ልጅ እንስራ ስለተሸከመች ነው እንግዲህ ይህ ልጅ ከትምህርቱ የሚነቀለው? በማን ልናደድ ግን? በውኃ ቀጂዋ? በአዛውንቱ? ድንቹን ዋጥ አድርጌ ተነሣሁ። ጋሽ ይመር አልቀመጥም ስላልኳቸው ድንች በፌስታል ሞልተው፣ ራሳቸው ተሸክመው እስከ መንገዱ ሸኙኝ። ብዙ ከተጓዝን በኋላ፣ ወደ ሌላ ወገን እያዩ፣ «ከተባረረ እውነት መመለሻ የለውም?» አሉኝ።

«ለመመለስ የሚበቃ ነጥብ አይኖረውም» አልኳቸው።

«አሏህ ያውቃል» አሉና ፌስታሉን አቀበሉኝ። እጃቸው ላይ የድንቹ አፈር ገና አልረገፈም ነበር።

ሰኞ ጠዋት ጃኬቴን እንኳ ሳላወልቅ ሚስተር ራጃን ቢሮ በር ላይ ቆምኩ። ሰይድ መጣ። ደስ አለኝ። ከኋላው ጥላሁን መጣ፣ ከጥላሁን ኋላ ሕይወት፣ ከእሷ ኋላ ሦስቱ። ስድስቱም ዓይናቸው ቀልቷል።

«ጋሼ» አለኝ ሰይድ ጠጋ ብሎ፣ «ቅዳሜንም እሑድንም ሳስረዳቸው ነው የከረምኩት። አሁን ሁሉም ያውቁታል። ስድስታችንንም ይጠይቁን ብለው ይንገሩልን።»

ገብቼ ነገርኳቸው። ሚስተር ራጃን ራሳቸውን ነቀነቁ። «የቀጠርኩት አንድ ሰው ነው። ሐሙስ ያላወቁትን ሰኞ አጥንተው ለመጡ ከፈቀድኩ፣ ለወደቀው ተማሪ ሁሉ መፍቀዴ ነው» አሉ። ፍርዳቸው ልክ ነበር፤ ብጠላውም ልክ ነበር። በሩን ከፍቼ፣ «ሰይድ ብቻ ይግባ» አልኩ።

ሰይድ ደፉ ላይ ቆመ። አንድ እግሩ ውስጥ፣ አንድ እግሩ ኮሪደሩ ላይ። በዚያች ሰዓት ከአምስቱ አንዱ፣ ማንም ይሁን ማን፣ «ግባ» ቢለው ይገባ ነበር። እስከ ዛሬ ይህን አምናለሁ። ጥላሁን ኮርኒሱን አየ። ሕይወት «ሰይዶ» አለች፤ ወዲያው ሌሎቹን አየችና የቀረውን ዋጠችው። ሰይድ ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሚስተር ራጃንን እጅ ነሣና እግሩን መለሰው። በሩን የዘጋውም እሱ ነው፣ ድምፅ እንዳያሰማ አድርጎ።

ውጤቱ ተለጠፈ፣ ሰይድ ተባረረ። አምስቱ ምሳ ጋበዙት። ጥላሁን ስለ ጓደኝነት ንግግር አደረገ አሉ፤ ብዙዎቹ አልቅሰዋል። ሰይድም እነሱን ሲያባብል ነው የዋለው ተባለ። እኔ ተጠርቼ ነበር፣ አልሄድኩም።

በሚቀጥለው ዓመት አምስቱ ኮርሱን ደገሙ። ያቀረቡት አሁንም ያንኑ የካርድ ፕሮግራም ነው፤ ሚስተር ራጃንም አሁንም ያንኑ ጥያቄ ጠየቁ። በዚህ ጊዜ ከጥላሁን ጀምሮ እስከ መጨረሻው ድረስ አንድ በአንድ አስረዱ፤ መልሳቸው ቃል በቃል የሰይድ ነበር፣ ሰይድ ሲያስረዳ የሚወዳት «እንግዲህ አብሽሩ፣ እዚህ ጋ ነው ነገሩ» የምትለዋ እንኳ አልቀረችም። ማጥናታቸውን ልነሣቸው አልችልም። ሚስተር ራጃን በጣም ተደሰቱ፤ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ የቡድን ሥራ ማለት ይህ ነው አሉ። አስተርጉምላቸው አሉኝ። አስተረጎምኩ።

ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት፣ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ካሉት የፎቶ ኮፒና ጽሕፈት ቤቶች ወደ አንዱ የልጄን የልደት ካርድ ኮፒ ላስደርግ ገባሁ። ከማሽኑ ኋላ ሰይድ ብቅ አለ። ከስቷል፤ ትከሻው ላይ ከብርዱ የተነሣ ጋቢ ጣል አድርጓል። ስለ አባቱ ጠየቅኩት፣ ደኅና ናቸው አለኝ። ስለ ሥራው ጠየቅኩት፣ አልሐምዱሊላህ አለኝ። ጠረጴዛው ላይ ለጥራዝ የተዘጋጀ የታተመ ወረቀት ተከምሯል። ርዕሱን ሳየው የጤና ጣቢያ ካርድ ፕሮግራም ነው፤ ለኮሌጁ የሚገባው የመጨረሻ ጥራዝ። የአዘጋጆቹን ስም አነበብኩ። ጥላሁን አለ፣ ሕይወት አለች፣ ሦስቱም አሉ። ገልብጬ ሕይወት የጻፈችውን ምስጋና አየሁ። እግዚአብሔር ተመስግኗል፣ ወላጆች ተመስግነዋል፣ ሚስተር ራጃን ተመስግነዋል፣ ለትብብሩ እኔም ተመስግኛለሁ።

«ሰይድ» አልኩት፣ «ምስጋናው ላይ እንኳ ስምህን አላስገቡህም?»

«አስገብተውኝ ነበር፣ ጋሼ። ሕይወት ከሁሉም በላይ አድርጋ ነበር የጻፈችው።» ወረቀቱን በሁለት እጁ እየደረደረ ጠርዙን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አደረገ። «ሳዘጋጀው እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ሚስተር ራጃን ስሜን ካዩት የማን ሥራ እንደሆነ ይጠረጥራሉ። ልጆቹ ደግሞ ሊመረቁ ምን ቀራቸው?»

ምስጋናውን እንደገና ገለጥኩት። እሱ ግን የሥራ ሰዓት ነውና ደንበኛ ቆሞ ሲጠብቀው አልወደደም።

«ይልቅ ጋሼ፣ እርስዎ ያውቁ ይሆናል» አለኝ፣ «ዘንድሮ የጥራዙ ሽፋን ምን ዓይነት ቀለም ይሁን ነው የተባለው?»

«ጥቁር» አልኩት።